ያልሰማሁት ሙት

ኦፔል መኪናዋ ከኢስማዒል ሰፈር ከጻይልስሃይም ወጥታ ዋናውን መንገድ ስትይዝ ባፓ መስኮቱን ከፈቱት። ዝናቡ ገባ። አጠገባቸው የተቀመጠው ኢስማዒል በጉልበታቸው ላይ ተንጠራርቶ እጀታውን መልሶ አሽከረከረው፤ ሽማግሌው ጥቂት ታገሡና እንደገና ከፈቱት። መሪውን የያዘው ዶክተር ሰይፈ ገብርኤል በመስታወቱ አይቶ መንዳቱን ቀጠለ። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ መቀመጫው ልብስ አንድ ሁለት ቃል አይቀርበትም ነበር። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ለባፓ ደግ ሆነውላቸዋል፤ ኢስማዒልን የጨነቀውም ይኸው ደግነት ነው። ያለ ምክንያት ደግ ሲሆኑለት የማይጠረጥር ሽማግሌ እሱ በዕድሜው አላየም።

ምክንያቱ ትናንት በስልክ መጥቷል። ባፓ ከተነሡበት የሩቅ አገር ወደብ ከተማ የሚሲዮኑ ቄስ ወደ ሰይፈ ገብርኤል ደውሎ ነበር። የባፓ ታናሽ ወንድም፣ ታንኳ ጠራቢው፣ በትኩሳት ሞቷል፤ ተቀብሯልም። ሰይፈ ገብርኤል ይህን ዛሬ ጠዋት ለኢስማዒል የነገረው ጻይልስሃይም፣ ኢስማዒል ቤት ደረጃ ላይ፣ ዝናብ የሚያንጠባጥብ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ በሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታው ለምን እንዳስፈለገ አይታወቅም፤ ፎቅ ላይ ያሉት ባፓ ካማርኛ አንዲት ቃል አይሰሙም።

«እስከ ቅዳሜ ሆድ ይፍጀው» አለው። «ፍሉጋቸው፣ በረራቸው፣ ቅዳሜ ነው። አገራቸው ሲገቡ ወገን ተሰብስቦ ይነግራቸዋል። በሰው አገር፣ ያውም አንድ ዘመድ በሌለበት፣ እንዴት ተደርጎ ነው መርዶ የሚነገረው?»

ኢስማዒል ወዲያው ተስማማ። ነገሩን በራሱ ላይ አይቶታል። ምጽዋ በቦምብ በነደደችበት ዓመት እናቱ ማለፏን ፍራንክፈርት ያለው ወገን ከእሱ በፊት ሰምቶ ነበር። ደበቁት፣ ሰው አሰባሰቡ፤ ከዚያ አንድ ቀን በማለዳ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የአሥመራውም የአዲስ አበባውም ሰው ደረጃውን ሞልቶ በሩን አንኳኳ። ሲወድቅ ግራና ቀኝ ያዙት። ያ እጅ ባይኖር ከሰገነቱ ራሱን ወርውሮ እንደነበር እስከ ዛሬ ያምናል። መርዶ በወጉ ሲነገር ምሕረት ነው ብሎ ለሚስቱ ለኣምና ስንት ጊዜ ነግሯታል።

ሰይፈ ገብርኤልም ያልተነገረው መርዶ ነበረው፤ ይህንን ግን እሱ ራሱ አያውቅም። ታናሽ ወንድሙ ኃይለ መስቀል በቀይ ሽብሩ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ከተያዘ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ሰይፈ ገብርኤል በየእንቁጣጣሹ ወደ ቤት ይደውላል፤ እቤት ያሉትም በየእንቁጣጣሹ «ሱዳን ገብቷል ይባላል» ይሉታል። ከብዙ ዓመት በፊት ከኃይለ መስቀል ጋር ታስሮ የነበረ ሰው እዚህ መጥቶ የሆነውን ሁሉ ለጥቂት ሰዎች ተናግሯል። ሰዎቹ «ወገን ይሰብሰብና ይነገረው» ብለው ተማከሩ። ከዚያ አንዱ ሥራ በዛበት፣ አንዱ ወደ ካናዳ ተሻገረ፣ መርዶ ነጋሪ ተብሎ መታወቅ የሚወድ ስለሌለም ነገሩ በዚያው ቀረ። ከእነዚያ ጥቂት ሰዎች አንዱ ኢስማዒል ነበር።

ባፓ በማላይ ቋንቋ «አባት» ማለት ነው። ስማቸው ቤዎርፒት ሲሆን ምድሩ ሁሉ ወንዝና ረግረግ ከሆነው ከኒው ጊኒ ደቡብ ዳርቻ የመጡ የአስማት ሕዝብ ሽማግሌ ናቸው። የሕዝቡ ስም ከእኛ ደብተራ ጥንቆላ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ቢሆንም እዚህ ያሉ እናቶች እንግዳው ከየት እንደመጡ ሲሰሙ ማማተባቸው አልቀረም። ሰይፈ ገብርኤል ከተማሪነቱ ጀምሮ ሲያገለግልበት የኖረው፣ ሳክሰንሃውሰን ወንዙ ዳር ያለው የሕዝቦች ባህል ተቋም ነው ያስመጣቸው፤ ዜማቸውንና የመንፈስ እምነታቸውን ሽማግሌዎቹ ሳያልቁ በድምፅ ለመቅረጽ። ኢስማዒል ደግሞ በመርከበኝነቱ ዘመን ሱራባያ ወደብ ላይ ዓመታት ስለኖረ ማላይ ይናገራል፤ ከሚሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ወስዶ አስተርጓሚ ሆነ።

ተቋሙ ኒደርራድ ውስጥ ጥሩ ሆቴል ይዞላቸው ነበር። ባፓ ግን በነጋታው ሻንጣቸውን ይዘው ሆቴሉ በር ላይ ተገኙ። ብቻውን በተዘጋ ክፍል የሚተኛ ሰው መንፈስ ይጫወትበታል አሉ። ስለዚህ ወደ ኢስማዒል ቤት፣ ጻይልስሃይም ተወሰዱ፤ ኣምና ሳሎኑ ወለል ላይ ፍራሽ አነጠፈች፣ ኢስማዒልም ሚስቱን ትቶ አጠገባቸው መተኛት ያዘ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው የእስያ ሱቅ በፕላስቲክ የታሸገ ሳጎ ገዛላቸው፤ በአገራቸው ከዛፍ ግንድ ፍቀው የሚበሉት ምግብ ነው። ባፓ ነጫጮቹን ፍሬዎች መዳፋቸው ላይ አንከባለሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን በሉት።

አሁን መኪናው ውስጥ ባፓ ኢስማዒልን ለምን ቁርስ እንዳልበላ ጠየቁት። ጥርሴን አመመኝ አለ። ለምን እጁን እንደሚያፍተለትል ጠየቁት። ብርድ ነው አለ። ሽማግሌው አፍንጫቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ሽታችን ሁሉ እዚህ ውስጥ ታፍኗል፣ መስኮቱን ተወው አሉት። ኢስማዒል መስኮቱን ተወው። ዝናቡ የባፓን ጃኬት ሲያርሰው እያየ፣ ቅዳሜ በምን ተዓምር እንደሚደርስ ያሰላስል ጀመር።

ሰይፈ ገብርኤል ደረጃው ላይ ያላነሣው ሌላ ነገር ነበር። ዛሬ የመጨረሻው የቀረጻ ቀን ነው፣ የሚቀረጸውም የታንኳው ዜማ ነው። አስማቶች ለሙቶቻቸው ከዛፍ ግንድ ረጃጅም ምሰሶ ይጠርባሉ፤ ከምሰሶው ሥር ታንኳ ይቀረጻል፤ በዜማው ሙቱ በስሙ ተጠርቶ ታንኳው ላይ እንዲሳፈርና ፀሐይ ከምትጠልቅበት ባሕር ማዶ ወዳለው አገሩ እንዲሄድ ይለመናል። እስኪሸኝ ድረስ ሙት ከመንደር አይርቅም። ባፓ ይህን ዜማ «ጉሮሮዬ አልተከፈተም» እያሉ ሲያዘገዩት ቆይተው ለዛሬ እሺ ብለዋል። ወንድማቸው መሞቱን ዛሬ ከሰሙ ማን ይዘፍናል? ወግና ጥቅም ባንድ መንገድ ሲሄዱ የትኛው እንደሚመራ ለማወቅ ያስቸግራል። ኢስማዒል ሰይፈ ገብርኤልን ይወደው ነበርና አልጠየቀውም።

ገላነሽ ምድር ቤት ባለው መቅረጫ ክፍል ስትጠብቃቸው ነበር። አዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ቀራጭ የነበረች፣ ከአለቃም ከባልደረባም ቃል የማትቀበል ሴት ናት። ሰይፈ ገብርኤል በሩ ላይ አቁሞ ነገሩን ሹክ ሲላት ጆሮ ማዳመጫዋን ካንገቷ አወረደች።

«እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የለሁበትም» አለችው። «ለአውፍናሜ፣ ለቀረጻ ነው የመጣሁት፣ አውፍናሜዬን እሠራለሁ። የምትዋሹትን እናንተው ዋሹ።»

ከዚያ የፀጉር ማድረቂያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። የባፓ ከበሮ ፊቱ የእንሽላሊት ቆዳ ነው፤ ድምፁ የሚስተካከለው እሳት ላይ ሲሞቅ ነው፤ ተቋሙ ደግሞ እንኳን እሳት ሲጋራም አይፈቅድም። ገላነሽ በመጀመሪያው ቀን ከቤቷ ይህንኑ ማድረቂያ፣ ፎኗን፣ አምጥታ መፍትሔ ሰጠች፤ ባፓም የገላነሽ እሳት ብለውታል። ዛሬም በሞቃቱ አየር ቆዳውን ዳር ዳሩን እያዳረሰች፣ በሌላ እጇ የድሮ የድምፅ ክር ጥቅል፣ ሪል፣ ከፍታ ድምፁን ትለካ ጀመር። መሣሪያው ሁለት ሰው የሚሸከመው አሮጌ መቅረጫ ነበር። ሰይፈ ገብርኤል አዲሶቹን ትንንሽ ካሴቶች አያምናቸውም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሪሉንም ይጨምራል ይል ነበር።

ከድምፅ ማጉያው የወጣው የኢስማዒል የራሱ ድምፅ ነው፤ ያለፈው ሳምንት ትርጉም፣ በዚያ በመርከበኛ ጀርመንኛው።

ሰው ሲሞት ዘመዶቹ በሰሙበት ቅጽበት ጭቃ ውስጥ ይንከባለላሉ፣ ይል ነበር ድምፁ። ሙቱ የሚወዳቸውን በሽታቸው እየፈለገ ይመጣል። ጭቃው ሽታቸውን ይሸፍንላቸዋል። ሳይሸፈኑ ካገኛቸው ይዟቸው ይሄዳል። ከዚያ አጭር ሳቅ ተሰማ። እሱም የኢስማዒል ነበር።

ኢስማዒል ወንበሩ ላይ ደረቀ። ይህን የተናገረው በገዛ አፉ ነው። ያን ቀን ቃሉ ካንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር በእሱ በኩል አለፈ እንጂ እሱ ዘንድ አላረፈም። ባፓን አያቸው። ንጹሕ ናቸው፤ ኣምና የተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ጠዋት በሳሙና ታጥበዋል። ሰይፈ ገብርኤልን እጅጌውን ይዞ ወደ ጥግ ሊስበው ሞከረ፤ እሱ ግን ሰዓቱን እያየ፣ ኋላ፣ ኋላ አለው። ገላነሽ ሪሉን ቀየረችና ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።

ባፓ ከበሮውን በግራ እጃቸው አንጠለጠሉት። ቀኝ መዳፋቸው ቆዳው ላይ አረፈ፣ ግን አልመታም። ወደ ኢስማዒል ዞረው ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁት።

«ምን አሉ?» አለ ሰይፈ ገብርኤል።

ኢስማዒል ግንባሩን ጠረገ። ዜማው ከመጀመሩ በፊት ዘፋኙ እዚያ ያለውን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ መልስ ሳይሰጠው አይጀምርም። ሳይጠራ የቀረ ሙት ካለ ታንኳው ጥሎት ይሄዳል፣ የተጣለውም ቂም ይይዛል። እንዲህ ብሎ አስረዳና የጥያቄውን ቃል ተናገረ።

«‹ያልሰማሁት ሙት አለ ወይ?› ነው የሚሉት።»

ሪሉ ይዞራል። ባፓ የኢስማዒልን አፍ ይጠብቃሉ።

«የለም በላቸው» አለ ሰይፈ ገብርኤል፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ። «ቅዳሜ እኮ ደረሰ። በወጉ ይነገራቸዋል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ እኛ ምን አግብቶን?»

«ዶክተር፣ እኔ ብዙ ዋሽቻለሁ» አለ ኢስማዒል። «ለጉምሩክም ለፖሊስም ዋሽቻለሁ። ይኼን ግን ወላሂ አልችልም።»

ተነሣ። ወግ ነውና ባፓን ይቀመጡ አላቸው፤ ተቀምጫለሁ አሉት። ከዚያ በማላይ፣ እንደ ምጽዋ ሰው ሳይሆን እንደ ሱራባያ ሰው፣ አጭር አድርጎ ነገራቸው፤ ወንድማቸው በትኩሳት መሞቱን፣ መቀበሩን፣ ወሬው ትናንት መምጣቱን። ባፓ ከበሮውን አስቀመጡ። ፊታቸው አልተለወጠም፤ ብቻ ከወንበሩ ተነሥተው ወደ በሩ ሮጡ።

እጅ ከጭንቅላት ይፈጥናል። ኢስማዒል ቀኝ ክንዳቸውን፣ ሰይፈ ገብርኤል ግራ ክንዳቸውን ለቀም አደረጉ። ሽማግሌው ታገሉ። «ራሳቸውን እንዳይጥሉ!» እያለ ሰይፈ ገብርኤል ጭራሽ ወገባቸውን አቀፈ፤ ኢስማዒልም «አይዞዎት፣ አይዞዎት» እያለ ሽማግሌው በማይሰሙት አማርኛ ያባብላቸው ነበር። የሚያጽናኑ መስሏቸው ሁለት ሰዎች አንድ ሐዘንተኛ ግድግዳ ላይ አጣብቀው ያዙ። ባፓ ከአስማትኛ በቀር ሁሉም ቋንቋ ጠፍቷቸው ነበር።

«ልቀቋቸው» አለች ገላነሽ። አልሰሟትም። መጥታ የሰይፈ ገብርኤልን ጣቶች አንድ በአንድ ፈለቀቀች። «ባንዱን፣ ቅጂውን፣ ማን ነው የሰማው እዚህ ቤት? ጭቃ ነው የሚፈልጉት፣ ጭቃ!»

ለቀቋቸው። ባፓ ደረጃውን ወጥተው፣ መኪና ሲያንባርቅባቸው መንገዱን አቋርጠው፣ ወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር ደረሱ። የከተማው ሠራተኞች ሣሩን ቆፍረው ትተውት ስለነበር ዝናቡ ጥሩ ጭቃ አድርጎታል። ሽማግሌው በግንባራቸው ተደፉበት። ተንከባለሉ፤ ፊታቸውን፣ ብብታቸውን፣ ሽበታቸውን በእፍኝ እየዛቁ ለደፉት። የሚያሰሙት ድምፅ ለቅሶም ዜማም አልነበረም። ውሻዋን የያዘች አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ጃንጥላዋን ይዛ ቆመችና አምቡላንስ ትጠራ እንደሆነ ጠየቀች። ሰይፈ ገብርኤል ባርኔጣውን አውልቆ «አይ እመቤቴ፣ እናመሰግናለን፤ ለቅሶ ላይ ነን» አላት።

ባፓ ሲበርድላቸው ኢስማዒልን በእጃቸው ጠሩት። አብሯቸው የተኛ፣ አብሯቸው የበላ ሰው ሽታው ከሽታቸው ተቀላቅሏል፤ ሙቱ እሱንም አይምረውም። ኢስማዒል ተንበረከከ። ቀዝቃዛውን ጭቃ አንገቱንና ደረቱን፣ ከዚያ መዳፎቹን ቀቡት። እየቀቡትም የተናገሩትን ለሰይፈ ገብርኤል እንዲያሻግርለት ነገሩት።

«‹እንድጠነክር ብላችሁ ደበቃችሁኝ፣ ገብቶኛል› ይላሉ» አለ ኢስማዒል። «‹እሱ ግን ከሞተ ጀምሮ ይፈልገኛል። ትናንት ሌሊቱን ሁሉ በሳሙና ታጥቤ ራቁቴን አስተኛችሁኝ› ይላሉ።»

ሰይፈ ገብርኤል ስለ እነዚህ ሰዎች መንፈስ ሁለት መጽሐፍ ጽፏል። መንፈሱ አንድ ሽማግሌ ሊወስድ ይችላል ብሎ አንድም ቀን አልፈራም፤ ያሳፈረውም ይኸው አለመፍራቱ ነበር። ካፖርቱ ንጹሕ ነበር፤ ማንም ጭቃ አልቀባውም፣ ማንም አልጠራውም።

አሁን እዘፍናለሁ ያሉት ባፓ ራሳቸው ናቸው። ምሰሶውን ልጆቻቸው አገር ቤት ይጠርቡታል፤ ወንድማቸው ግን እሳቸውን ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥቶ ይሆናልና መንገዱን ከዚሁ ያሳዩታል። ከነጭቃቸው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። የተቋሙ ምንጣፍ የሆነውን ሆነ። ሪሉ ገና አላለቀም ነበር፤ ትግሉንም፣ የሮጡበትንም፣ ባዶውን ክፍልም ቀርጿል። ገላነሽ ፎኗን አብርታ የቀዘቀዘውን ቆዳ እንደገና አሞቀችላቸው።

ባፓ ከበሮውን አነሡ። መዳፋቸውን አሳረፉ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት፤ ዛሬ ዜማው ለሁሉም ሙት ነው አሉ፤ ታንኳው ሰፊ ነው።

ኢስማዒል የእናቱን ስም ጠራ፣ ኣስማእ። ገላነሽ ለእኔ የለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ተራው የሰይፈ ገብርኤል ሆነ። እሱ ግን ወደ ባፓ አላየም፤ ወደ ኢስማዒል አየ፣ ረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ጥያቄ አዲስ አልነበረም፤ ኢስማዒል በየሠርጉና በየክርስትናው አይቶት ፊቱን ሲያዞርበት የኖረው ነው።

«ኢስማዒል» አለ። «ለእኔስ? ያልሰማሁት አለ ወይ?»

ወገን አልተሰበሰበም፤ ሽማግሌ አልተጠራም፤ ማለዳም አይደለም። ኢስማዒል ምክንያቶቹን ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ስንት ዓመት ሲቆጥራቸው ኖሯል። ክፍሉን አየ። አንዲት ክርስቲያን፣ አንድ እስላም፣ ጭቃ የለበሱ አንድ አረጋዊ። ከዚህ የበለጠ ወገን አይመጣም። ተነሥቶ ሄዶ በሰይፈ ገብርኤል በስተቀኝ ቆመ፤ ገላነሽን በዓይኑ ጠቀሳት፣ እሷም ማዳመጫዋን አውርዳ በስተግራው ቆመች። ሰይፈ ገብርኤል ሁለቱ ግራና ቀኝ ሲቆሙ ማወቅ ያለበትን አወቀ።

«አለ ዶክተር» አለ ኢስማዒል። «ኃይለ መስቀል።»

ሲወድቅ ያዙት። ክብደቱን ሁሉ ጣለባቸው። የኢስማዒል መዳፍ ጭቃ ካፖርቱን፣ ከዚያ ጉንጩን ለደፈው። ባፓ ያን አያያዝ ተመለከቱ፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት በጥርስና በጥፍር ታግለው ያመለጡት እጅ ነው። ይህ ሰው ግን አልታገለም፤ የሁለቱ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ለዓመታት ያላለቀሰውን። ሽማግሌው እስኪበቃው ጠበቁት።

ከዚያ ስሙን ጠየቁ። ኢስማዒል ሳይለቀው ነገራቸው። ባፓ ስሙን አፋቸው ውስጥ አገላብጠው ሞከሩት፤ ተሰበረባቸው። እንደገና ሞከሩት።

«አይደለም» አለ ሰይፈ ገብርኤል፣ እንባው እየወረደ። «ኃይለ። ኃይለ መስቀል።»

ደገሙት። ልክ ነበር። መዳፋቸውን አንሥተው ከበሮውን መቱት።